ለየትኛው ቁስ የትኛው ፑንታ? ከአሰላ ወርክሾፕ እስከ ጭላሎ ዐለት

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው የእጅ ባለሙያዎች በአሰላ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተጽፎ በተናጋሪው የታረመ)



በጠረጴዛው ላይ አምስት ነገሮች አስቀምጫለሁ። ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ የባሌስትራ ቁራጭ፣ የጽድ ጉማጅ፣ ግማሽ ብሎኬት፣ የወለል ሴራሚክ ስባሪ፣ ከጭላሎ ግርጌ የመጣ ጥቁር ድንጋይ። አጠገባቸው አምስት ፑንታዎች አሉ፤ ሁሉም የ8 ሚሊሜትር ናቸው። የሚያወጡት ቀዳዳ በሥዕል ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ክብ ነው። ሆኖም ከአምስቱ አንዱን ብቻ መርጠን አምስቱንም ቁስ ለመብሳት ብንነሣ፣ ከመምሸቱ በፊት ፑንታውንም ዕቃውንም፣ ምናልባትም ጣታችንን እናጣለን።

በመጽሐፍ ቋንቋ መሣሪያውን «የመሰርሰሪያ ጫፍ» ልንለው እንችላለን። እኔ ግን ባለሙያው በአሰላም በአዳማም በመርካቶም የሚጠራበትን፣ ከጣሊያንኛ የወረስነውን «ፑንታ» የሚለውን ስም እጠቀማለሁ። ሞርሳ፣ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ባሌስትራ የሚሉት ቃላት ከዚያው ቤት የመጡ ዘመዶቹ ናቸው። ወርክሾፓችን እስከ ዛሬ ግማሽ ጣሊያንኛ ይናገራል፤ ምክንያቱን ለቋንቋ ክፍል ባልደረቦቼ እተወዋለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ እንድናገር ያስገደደኝ የራሴ ጥፋት ነው። ወጣት ቴክኒሽያን በነበርኩበት ዘመን፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የስንዴና የገብስ መውቂያ ማሽን እንሠራ ነበር። የመውቂያው ከበሮ ላይ በብሎን የሚታሰሩ ጥርሶች አሉ። ለ12 ሚሊሜትር ብሎን የሚሆኑትን ቀዳዳዎች የበሳሁት እኔ ነበርኩ። ፑንታው ደንዝዞ ስለ ነበር በግራይንደር ላይ በዓይኔ ግምት ሞርጄው ነበር፤ አንዱ ከንፈሩ ከሌላው ረዝሞ ቀረ። ፑንታው መሐሉን ስቶ እየተንገዋለለ በሳ፤ ቀዳዳዎቹም ከተፈለገው ሰፉ። ብሎኑ ገባ፤ ዳዶው ጠበቀ፤ ማንም አላየውም። በመከር ወቅት ማሽኑ በአንድ አውድማ ላይ ሲሠራ ንቅናቄው ዳዶውን ፈታው፤ አንዱ ጥርስ ተነቀለና የላሜራውን ሽፋን ቀዶ ወጣ። ነዶ የሚያቀብለው ልጅ ውኃ ለመጠጣት ዘወር ብሎ ነበር። ከእኔ ጥንቃቄ የመጣ ትድግና አልነበረም።

ሒሳቡን በኋላ ሠራሁት። የከበሮው ስፋት 50 ሴንቲሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 700 ዙር ቢሆን፣ ዳሩ በሰከንድ ወደ 18 ሜትር ይጓዛል። 200 ግራም የሚመዝን ጥርስ በዚያ ፍጥነት ከከበሮው ለመላቀቅ የሚስብበት ኃይል 270 ኒውተን ገደማ ነው፤ ይህም 27 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም ሳያቋርጥ ከብሎኑ ላይ እንደ ማንጠልጠል ነው። ይህን የሚቋቋመው በቀዳዳው ውስጥ ሳይወዛወዝ የተቀመጠ ብሎን ነው። እንግዲህ የቀዳዳ ትክክለኛነት በዚህ አገር፣ እህል በማሽን በሚወቃበት በአርሲ ደጋ፣ የሰው አካል ጉዳይ ነው።

ደግሞም ይህ አካባቢ ለመሣሪያ እንግዳ አይደለም። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተውና በአሕጽሮት «ካዱ» የምንለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ መቀመጫውን አሰላ አድርጎ የእርሻ መሣሪያዎችን የሚመረምርና የሚያሻሽል ክፍል ነበረው። ማረሻ፣ መከስከሻ፣ በበሬ የሚሳብ ጋሪ እየተሠራ ይፈተሽ ነበር። ያ ሥራ በተለያዩ ስሞችና መሥሪያ ቤቶች ሥር እየተላለፈ እስከ ዛሬው የእርሻ ምሕንድስና ምርምር ማዕከል ደርሷል። በከተማው ያሉ በርካታ የብረት ሥራ ቤቶች የዚያ ወግ ወራሾች ናቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፑንታ ከመምረጣችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ይህ ቁስ ምን ያህል ጠንካራ ነው?» የሚል ይመስለናል። ጥያቄው ጎዶሎ ነው። ሴራሚክ ከብረት ይጠነክራል፤ ነገር ግን በመዶሻ አንድ ጊዜ ብትመቱት ይሰበራል። ብረቱ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ስለዚህ አስቀድመን «ይህ ቁስ የሚሸነፈው እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለሥራችን የሚበቃ መልስ በሦስት ይከፈላል። ብረትና መሰሎቹ ከስለት ፊት ይላጣሉ፤ ፍቅፋቂያቸው እየተጠቀለለ ይወጣል። እንጨት ጭራማ ነው፤ ጭራው ካልተቆረጠ ይሰነጠቃል፣ ይቦጨቃል። ድንጋይ፣ ኮንክሪትና ሴራሚክ ደግሞ አይላጡም፤ ይደቃሉ። የፑንታ ቅርጽ ሁሉ ለእነዚህ ሦስት መሸነፊያዎች የተሰጠ መልስ ነው።

ከእንጨት ልጀምር፤ አጭር ነውና። ለእንጨት የሚሆነው ፑንታ በመሐሉ ሹል መርፌ፣ በሁለቱ ዳር ደግሞ ትናንሽ ስለቶች አሉት። መርፌው ቦታውን ይይዛል፤ የዳሩ ስለቶች ጭራውን በክብ ይቆርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ከንፈሮቹ የተቆረጠውን የሚያነሡት። ለብረት የተሠራ ፑንታም እንጨት ይበሳል፤ የቀዳዳው አፍ ግን የተነጨ ይሆናል። ለጥልቅ ቀዳዳ፣ ለምሳሌ ለበር መቃን ወይም ለጋሪ እንጨት፣ ጫፉ ላይ የቪት ጥርስ ያለው ሰርሳሪ ይመረጣል፤ ያ ጥርስ ራሱን እየሳበ ስለሚገባ ሰውየው መግፋት አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው ዝግ ያለ ዙር ብቻ ነው።

እንጨቶቻችን በጠባይ ይለያያሉ። ጽድ ለስላሳና ቀጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን በጭራው መሥመር በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከጫፍ ሲጠጉ በቀጭን ፑንታ ጀምሮ ማስፋት ይበጃል። ወይራ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ፑንታው በየጊዜው ወጥቶ ፍቅፋቂውን ማራገፍ አለበት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ ቀዳዳውም አብሮ ይዛነፋል፤ ይህንን ግን የትኛውም ፑንታ አያድንም። አንድ ምልክት ልስጣችሁ። ጽድ ስትበሱ የሚወጣው ሽታ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሚያስታውስ መልካም ሽታ ከሆነ ፑንታችሁ እየቆረጠ ነው። የጭስ ሽታ ከሆነ እየፈተገ ነው። እንጨት ሙቀትን አያስተላልፍምና እሳቱ ሁሉ ፑንታው ላይ ይቀራል። በነገራችን ላይ አባቶቻችን ቀንበርና መሰል ዕቃ በጋለ ብረት ሲበሱ፣ ጭራውን በመቁረጥ ፈንታ በማቃጠል ችግሩን ፈትተውት ነበር፤ እንጨቱም አይሰነጠቅም። ዘዴው ዘገምተኛ ቢሆንም ከምሕንድስና አንጻር የሚነቀፍ አይደለም።

ብረት ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ገንዘባችንም ጣታችንም የሚያልቀው እዚያ ነውና።

ዛሬ በየሱቁ የምናየው ጠመዝማዛ ቦይ ያለው ፑንታ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1863 በስቲቨን ሞርስ ስም የባለቤትነት መብት የተሰጠው ነው። የቦዩ ጥቅም ሁለት ነው፤ ለከንፈሩ የሚስማማ የስለት ማዕዘን ይሰጠዋል፣ ፍቅፋቂውንም ወደ ላይ ያወጣል። የዚያ ዘመን ፑንታ ግን ከካርቦን ብረት የተሠራ ስለ ነበር ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣ ነበር። ለውጡ የመጣው ፍሬድሪክ ቴይለርና ማንሰል ኋይት ተንግስተንና ክሮሚየም የተቀላቀለበትን ብረት ልዩ በሆነ ሙቀት አጠንክረው፣ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ሲያሳዩ ነው። ጫፉ ቀልቶ እያለ ብረት ይቆርጥ ነበር። ይህ ነው «ሃይ ስፒድ ስቲል» የተባለው፤ እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ጥንካሬውን ይይዛል። ከ5 እስከ 8 በመቶ ኮባልት ሲጨመርበት ሙቀትን የበለጠ ይችላል፤ የማይዝግ ብረትና ጠንካራ ብረት ለመብሳት የምንመርጠው ይህንን ነው።

ቀጥሎ የጫፉ ማዕዘን ይመጣል። የተለመደው 118 ዲግሪ ነው፤ ለቱቦላሬ፣ ለአንጎላሬ፣ ለተራ ላሜራ ይበቃል። ለጠንካራ ብረት 135 ዲግሪ የሆነው ጠፍጠፍ ያለ ጫፍ ይሻላል። ምክንያቱ ይህ ነው። በፑንታው ጫፍ መሐል ላይ ሁለቱን ከንፈሮች የምታገናኝ አጭር መሥመር አለች። እርሷ አትቆርጥም፤ ብረቱን እየገፋች ትፈቀፍቃለች እንጂ። የምንጫነው ኃይል አብዛኛው የሚባክነው በእርሷ ላይ ነው። በ135ቱ ፑንታ ላይ ይህች መሥመር ብዙውን ጊዜ ተሞርዳ ለሁለት ስለምትከፈል ፑንታው ሳይንሸራተት ወዲያው ይነክሳል። ይህ ፑንታ ከሌለን በትንሽ ፑንታ አስቀድመን መሐሉን መብሳት ያንኑ ጥቅም ይሰጣል፤ ሹል ብረት በመዶሻ መትቶ ነጥብ ማስቀመጡን ግን አትተዉ።

ከዚያ ፍጥነት። እዚህ ላይ የምናጠፋው ጥፋት ከሁሉ ይበልጣል፤ እጃችን ድሪሉን እስከ መጨረሻው መጫን ለምዷልና። ለለስላሳ ብረት፣ በሃይ ስፒድ ስቲል ፑንታ፣ የዳሩ ፍጥነት በደቂቃ 25 ሜትር ገደማ ቢሆን ይመከራል። ይህን ወደ ዙር ለመለወጥ 1000ን በፍጥነቱ አባዝቶ፣ ለፓይና ለፑንታው ስፋት ብዜት ማካፈል ነው። ለ10 ሚሊሜትር ፑንታ በደቂቃ 800 ዙር ያህል ይመጣል፤ ለ5 ሚሊሜትር 1600፤ ለ20 ሚሊሜትር 400። አሁን በእጃችሁ ያለው ድሪል ያለ ሸክም 2800 ዙር የሚዞር ከሆነ፣ በ10 ሚሊሜትር ፑንታ ዳሩ በደቂቃ 88 ሜትር ይሮጣል፤ ከሚገባው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ፑንታው የሚሰማያዊበትና «ዕቃው መናኛ ነው» ብለን ነጋዴውን የምንረግምበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ፍቅፋቂው ይመስክር። ብርማ ወይም ጭድ መሰል ቢጫ ከሆነ መልካም ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ዙሩን ቀንሱ።

የማይዝግ ብረት የተለየ ጠባይ አለው። ሲፈተግ ይጠነክራል። ባለሙያው ፈርቶ ፑንታውን በለሆሳስ ሲያሳርፈው፣ ሳይቆርጥ ስለሚፈትገው፣ ከሥሩ የጠነከረ ቅርፊት ይፈጠራል፤ ከዚያ በኋላ መብሳቱ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ዙሩ ዝቅ፣ ግፊቱ ጽኑ፣ ዘይቱ በቂ ይሁን፤ ከጀመራችሁም አታቋርጡ። ለተራ ብረት ዙሩ 800 በነበረበት ስፋት ለዚህኛው 400 ገደማ ይበቃል።

ባሌስትራ የገጠር ሠሪያችን የብረት ጎተራ ነው፤ ማረሻም ቢላም ማጭድም ይወጣበታል። ቀዳዳ ሲያስፈልገው ግን የጠነከረ የሞላ ብረት መሆኑ ይታወሳል። ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው እስኪቀላ አግሎ፣ በአመድ ውስጥ ቀብሮ በዝግታ እንዲቀዘቅዝ መተው ነው፤ በማግስቱ በተራ ፑንታ ይበሳል፤ ከዚያ ግን ዳግመኛ ማጠንከርና ማብረድ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ቀድሞ የነበረው ብረት አይደለም። ሁለተኛው በኮባልት ፑንታ፣ በዝግታ፣ በሞርሳ ጥርቅም አድርጎ አስሮ መብሳት ነው። ለአንድ ሁለት ቀዳዳ ሁለተኛውን፣ ለብዙ ቀዳዳ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ብረተ ድስት በደረቁ ይበሳል፤ ፍቅፋቂው ዱቄት ነው፤ ዘይት ቢጨመርበት ጭቃ ይሆናል። አሉሚኒየም በቦዩ ውስጥ ይጣበቃል፤ ጥቂት ነጭ ጋዝ ይረዳዋል። ነሐስ ፑንታውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ የከንፈሩን ስለት በጥቂቱ ማደንዘዝ ጉዳቱን ያስቀራል። ቀጭን ላሜራ በተራ ፑንታ ሲበሳ ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ጫፉ ከንፈሮቹ ሳይያዙ አልፎ ይወጣልና። በሁለት ጣውላ መካከል አስሮ መብሳት ወይም ደረጃ ደረጃ ያለውን ሾጣጣ ፑንታ መጠቀም ነው። ላሜራውን በእጅ ይዞ መብሳትን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፤ ፑንታው ሲይዘው ላሜራው በደቂቃ መቶዎች ጊዜ የሚዞር ሰይፍ ይሆናል። ጓንት ደግሞ በትራፓኖ ፊት ጠላት ነው፤ ይጠቀለልና እጅን ይዞ ይሄዳል። በአሰላ ብርድ ጋቢ ወይም ሻሽ ደርቦ መሥራት የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ እባካችሁ ከማሽኑ ፊት አውልቁት። መነጽሩን ግን አድርጉት።

ወደ መሞረድ ልመለስ፤ የተናዘዝኩበት ጥፋት ነውና። የተሞረደ ፑንታ ሦስት ነገር ይኑረው። ሁለቱ ከንፈሮች እኩል ርዝመት፣ ከፑንታው መሐል መሥመር እኩል ማዕዘን፣ ከከንፈሩ በስተ ኋላም ከ8 እስከ 12 ዲግሪ የሚሆን ዝቅታ። ዝቅታው ከሌለ ፑንታው ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም፤ ከበዛ ከንፈሩ ይቀጥናል፣ ይሰበራል። ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሁለቱም ቦዮች እኩል ፍቅፋቂ ካወጡ ተሳክቶላችኋል። ከአንዱ ቦይ ብቻ የሚወጣ ከሆነ አንዱ ከንፈር ብቻ እየሠራ ነው፤ ቀዳዳውም እየሰፋ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ያየሁት ይህንን ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ግድግዳ ላይ ስንደርስ መቁረጥ ያበቃል፣ መደቆስ ይጀምራል። የግንብ ፑንታ ጫፉ ላይ በብየዳ የተጣበቀ የተንግስተን ካርባይድ ምላስ አለው። ቁሱ በጀርመን አገር በ1920ዎቹ የተገኘ ሲሆን፣ የክሩፕ ኩባንያ «እንደ አልማዝ» ከሚለው የጀርመንኛ ሐረግ አሳጥሮ «ቪዲያ» ብሎ ሸጦታል። ምላሱን ተመልከቱት፤ እንደ ብረት ፑንታ ስል አይደለም፤ ደንበዝ ያለ መሮ ነው። ሥራው መምታትና የደቀቀውን መጥረግ ነውና። በሃመር ድሪል ምቱ ከሁለት ጥርሳም ሰሌዳዎች መፋተግ ይመጣል፤ ብዙ ነው፣ ደካማም ነው። በትልቁ ሮታሪ ሃመር ውስጥ ግን አየር የሚገፋው ፒስተን አለ፤ ምቱ ጥቂት ነው፣ ብርቱም ነው። ለአርማታ ኮንክሪት ሁለተኛው ይመረጣል። ፌሮ ከነካችሁ ወዲያው አቁሙ፤ ካርባይዱ በፌሮ ላይ ሲመታ ይሸረፋል። ደግሞም ፌሮው የቤቱ ጅማት ነው፤ ቀዳዳውን ማዛወር ይሻላል።

ብሎኬት ሌላ ነው። በአገራችን ብዙው ብሎኬት ከፑሚስ ወይም ከቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራ፣ ውስጡ ክፍት፣ ግድግዳው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ የሆነ ነገር ነው። ምት ካበራችሁ ፑንታው ከመውጣቱ በፊት የውስጡ ፊት በሰፊው ይረግፋል፤ ከውጭ ያማረው ቀዳዳ ከውስጥ ጉድጓድ ይሆናል፣ ፊሸሩም የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ የግንብ ፑንታ ያዙ፣ ምቱን አጥፉ፣ በዙር ብቻ ብሱ። ፊሸር ስንል፣ የፕላስቲኩን መያዣ እ.ኤ.አ. በ1958 የፈለሰፈው ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር ነው፤ ስሙ በእኛ ዘንድ የዕቃው ስም ሆኖ ቀርቷል።

ስለ ጭቃ ቤት የሚጽፍ የመሣሪያ መጽሐፍ አላጋጠመኝም። ከአሰላ ወጣ ባሉት ቀበሌዎች ግን ብዙ ሰው የሚኖረው በእርሱ ውስጥ ነው፤ የሶላር ባትሪም ቴሌቪዥንም የሚሰቀለው እዚያው ነው። ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ በማናቸውም ፑንታ ይበሳል፤ ፊሸር ግን አይዝም። ኃይል ያለው በውስጡ በተተከለው ቋሚና ማገር ላይ ነው። ግድግዳውን በጣት አንጓ እያንኳኳችሁ ድምፁ የሚደፈንበትን ፈልጉ፤ በቀጭን ምስማር አረጋግጡ፤ ጭቃውን በአሮጌ ፑንታ አልፋችሁ እንጨቱ ላይ ስትደርሱ የእንጨት ፑንታ ቀይሩ፤ ከዚያ በረጅም ቪት እሰሩ። በአንድ ቀዳዳ ሁለት ቁስ፣ ስለዚህ ሁለት ፑንታ።

ሴራሚክ ደግሞ ምትን ፈጽሞ አይችልም። ጦር መሰል የካርባይድ ጫፍ ወይም የአልማዝ ቅንጣት የተለበጠበት ክብ ፑንታ፣ ዝግ ያለ ዙር፣ ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብ ውኃ፤ ከሥሩ የሲሚንቶ ግድግዳ ሲጀምር ብቻ ፑንታም ዘዴም ይቀየራል። የኮንክሪትና የድንጋይ ብናኝ በሳንባ ውስጥ የሚቀር ሲሊካ ስላለው አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ጉዳቱ ዛሬ አይታይም፣ ከዓመታት በኋላ ነው።

የመጨረሻው ነገር በጠረጴዛዬ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። እዚህ የ8 ሚሊሜትር ፑንታ ወደ ውኃ ጉድጓድ መቆፈሪያ ያድጋል፤ ጥያቄው ግን አይለወጥም። ከአሰላ በኢተያ በኩል ወደ ዴራ ስንወርድ ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆው ነው የምንሄደው። ከላይ የባዛልትና የትራካይት ዐለት፣ ወደ ታች የኢግኒምብራይት፣ የፑሚስና የሐይቅ ደለል ንጣፎች ይገናኙናል። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ እንኳ ቀይ ሸክላ አፈር፣ የበሰበሰ ባዛልት፣ ድፍን ባዛልት፣ ቀዳዳማ ጠጠር ተራ በተራ ሊመጡ ይችላሉ። ውኃው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በተሰነጠቀውና በቀዳዳማው ንጣፍ ውስጥ ሲሆን፣ እርሱን ለማግኘት ድፍኑን ማለፍ ግድ ይሆናል።

ለሸክላና ለደለል ምላጭ መሰል ክንፎች ያሉት ፑንታ ይበቃል፤ ይላጫልና። ለመካከለኛ ዐለት ባለ ኮን ፑንታ አለ፤ አሜሪካዊው ሃዋርድ ሂውዝ፣ የታዋቂው ባለጸጋ አባት፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የሁለት ኮኑን የባለቤትነት መብት አወጣ፤ የኩባንያው መሐንዲሶች በ1933 ሦስተኛውን ኮን ጨመሩ። ኮኖቹ እየተንከባለሉ ዐለቱን ይደቁሳሉ። ለለስላሳው ረጃጅም የብረት ጥርስ፣ ለጠንካራው አጫጭር የካርባይድ ጉብታ ያለው ይመረጣል። ለድፍን ባዛልት ግን ከጉድጓዱ ሥር የሚወርድ በአየር የሚሠራ መዶሻ ያስፈልጋል፤ ፊቱ በካርባይድ ቁልፎች የተሞላ ነው፤ በደቂቃ ከ20 እስከ 40 ዙር ብቻ ይዞራል፤ ሥራውን የሚሠራው ምቱ ነው። ይህንኑ መዶሻ በሸክላ ውስጥ ብታስገቡት ይታፈናል፤ ክንፋሙን ፑንታ በባዛልት ላይ ብታሳርፉት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ክንፉ ያልቃል፣ ነዳጁ ይነዳል፣ መንደሩም ይጠብቃል። ፑንታ ለመቀየር ዘንጉን ሁሉ ማውጣት ያስፈልጋልና፣ የዐለቱን ፍርፋሪ በየሜትሩ እያዩ አስቀድሞ መወሰን የቆፋሪው ዋና ጥበብ ነው።

ለደጋችን አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ኮምፕረሰሩ በእያንዳንዱ ምጥጠት የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በመጽሔቱ ላይ የተጻፈው አቅም እዚህ አይሠራም። መዶሻው የሚደክመውና የደቀቀው ዐለት ወደ ላይ የማይጠረገው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፕረሰር ሲመረጥ ከፍታው ይታሰብ።

አሁን ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(አንድ ተማሪ ወርቃማ ቀለም ያላቸው ፑንታዎች ከሌሎቹ ይሻሉ እንደሆነ ጠየቀ።)

እውነተኛው ወርቃማ ሽፋን ታይታኒየም ናይትራይድ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ መፈተግንም ይቀንሳል። ቀለሙ ግን ምስክር አይሆንም፤ ከሥሩ ያለው ብረት ደካማ ከሆነ ሽፋኑ አያድነውም። ደግሞም ጫፉን አንድ ጊዜ ከሞረዳችሁት በኋላ በከንፈሩ ፊት ላይ ያለው ሽፋን ይሄዳል። በዘንጉ ላይ የብረቱ ዓይነት መጻፉን እዩ፤ ከዚያም ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱ ከንፈሮች እኩል መሆናቸውን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱ። አዲስ ሆኖ የተዛነፈ ብዙ አይቻለሁ።

(የአንድ አነስተኛ የብረት ሥራ ቤት ባለቤት ገንዘባቸው ውስን ለሆኑ ጀማሪዎች ምን እንዲገዙ እንደሚመክሩ ጠየቁ።)

እናቴ፣ መልካም ጥያቄ ነው። ሃያ አምስት ፍሬ ያለበትን ርካሽ ሣጥን አይግዙላቸው፤ ከውስጡ የሚሠሩበት አምስቱን ብቻ ነው። የ3፣ የ5፣ የ8፣ የ10 እና የ12 ሚሊሜትር ጥሩ የሃይ ስፒድ ስቲል ፑንታ፣ ከ3ቱና ከ5ቱ ሁለት ሁለት፤ እነርሱ ቶሎ ይሰበራሉ። አንድ የ5 እና አንድ የ8 ሚሊሜትር ኮባልት፤ ለባሌስትራና ለማይዝግ ብቻ ተለይተው ይቀመጡ። አንድ የ8 ሚሊሜትር የግንብ ፑንታ። የተረፈው ገንዘብ ለሞርሳና ለመነጽር ይሁን። ልጆቹን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ እኛ ወርክሾፕ ይላኩልኝ፤ የደነዘዙ ፑንታዎቻቸውን ይዘው ይምጡ፤ እኩል ከንፈር ማውጣትን አብረን እንሞክራለን።